ግብጦ

ሰኔ ገባ። ቅዳሜ ነው። አውቶቡሴን አላነሣም።
ጭጋግ ከባሕር ወጥቶ መንገዱ ላይ ተኝቷል፣ እስካሁን አልነቃም።
ከአርካታ ወዲያ፣ ከወሽመጡ ማዶ፣ አሸዋው ከሚጀምርበት
ስምንት ሆነን ቆመናል፣ አንገት ደፍተን፣ ቀብር እንደመጣን፣
ከአንዲት ቅጠል ፊት።

መሪያችን ሎርና ናት፤ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደለች፣
ጉልበቷ እምቢ ሲላት አጉሊ መነጽር ያነሣች።
«ስም አትጠይቁኝ» ትላለች፣ «መጀመሪያ ቁጠሩ።
ስም አድራሻ ነው፤ ቤቱን ሳታዩ ፖስታ አትወርውሩ።»

እንቆጥራለን።
አራት የአበባ ቅጠል፣ ነጣ ያለ ሐምራዊ፣ ግንዱ ውሃ የቋጠረ፤
ብቀምሰው ምላሴን ቆነጠጠ፣ አፍንጫዬን ሰረሰረ።
«የሰናፍጭ ዘመድ» አልኩ። ሎርና አውራ ጣቷን አነሣች።
ቀጥሎ የባሕር አተር፣ በቀጭን ክሩ የሞተ እንጨት የጨበጠ፤
ቀጥሎ እንጆሪ፣ ቅጠሉ ቅቤ እንደነካው የሚያብረቀርቅ፣
ፍሬው የጥፍሬን ያህል፣ ቴዎ የሚባለው ልጅ ሳናይ የዋጠው።

ከዚያ ክርክር። ነጭ አበባ፣ እንደ ጥላ የተዘረጋ።
ጋርትና ፐርል፣ አርባ ዓመት የኖሩ፣ በአንድ ግንድ ሊፋቱ።
እሱ፣ «የዱር ካሮት ነው፣ ይበላል።» እሷ፣ «ገዳይ ነው፣ ነጥቡን እየው!»
ሎርና ግንዱን አዞረችው፤ ሐምራዊ ነጠብጣብ፣ እንደ ተረጨ ቀለም።
«ፐርል፣ ዛሬ ባል አትርፈሻል።»
ጋርት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

ከጉብታው ጀርባ እግሬ ቆመ።
ቢጫ። ወገቤ ድረስ። ጠረኑ ማር ማር የሚል።
ቅጠሉ ጣቱን የዘረጋ መዳፍ፣ መሀሉ ላይ አንዲት የጤዛ ጠብታ።
ልቆጥር ነበር፤ ሰባት፣ ስምንት... አፌ ቀደመኝ።
«ግብጦ!»
ገበያ መሀል እንዳገኘሁት የጎረቤት ልጅ ጠራሁት።
«ግብ...ጦ?» አለ ቴዎ። «ጦ»ዋ ምላሱ ላይ አልሰበር አለች።
በሦስተኛው ተሰበረች፤ ምራቁ አሸዋው ላይ ተፈናጠረ።
የእኛው ነጣ ይላል አልኳቸው፣ ፍሬው መራራ ነው፣
ቀናት ወራጅ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ነው ለሰው የሚገራ፤
አረቄም ይወጣዋል።
ጋርት አረቄውን ጻፈ።

«ዝምድናው እውነት ነው» አለች ሎርና። ዝም አለች።
ቦርሳዋን ከፈተች፤ ስምንት ጥንድ ጓንት።
«ግን የዚህ አሸዋ አይደለም። አሸዋው እንዳይሸሽ ብለው
ከደቡብ አምጥተው ተከሉት። ያዘው፤ ከያዘ ወዲያ አለቅም አለ።
እሱ ባደለበው አፈር ላይ የአሸዋው ልጆች ይታፈናሉ።
ዛሬ እንነቅላለን።»

ሁሉም ወደኔ አየ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤
ስለ መጤ፣ ስለ ሥር፣ አንድ ምሳሌ ከአፌ ይጠብቃሉ።
አልሰጠሁም። ቅጠል ቅጠል ነው። እኔ ሹፌር ነኝ፣
መስመር ሰባት፤ የጥርስ መድን አለኝ።
ጓንቱን አጠለቅሁ።

ሥሩ ረጅም ነው። ስስበው አሸዋው በረጅሙ ተነፈሰ።
ሥሩ ላይ እባጮች፣ እንደ ሰሊጥ የተጣበቁ፤
ሎርና አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ሮዝ፣ ሕያው፣
ከአየር የለቀመውን ስንቅ የሚያኖርበት ጓዳ።
ልጠላው አልቻልኩም። ነቀልኩት።
ሁለቱም በአንድ እጅ ይቻላል።

ቀትር ላይ ጭጋጉ ሲገለጥ፣ ከነቀልነው ጥላ ሥር
አንዲት ድንክ፣ አሸዋ የለበሰች፣ የምታጣብቅ፣ መሬት የያዘች።
ሎርና ተንበረከከች፤ ጉልበቷን ረስታው ነበር፣
ስትነሣ አስታወሳት።

ማክሰኞ ቴዎ ከእናቱ ጋር አውቶቡሴ ላይ ወጣ።
አጠገቡ ለተቀመጠ ሽማግሌ በመስኮት ጠቆመ፤
መንገድ ዳር፣ ቢጫ።
«ያ ግብጦ ነው» አለው።
«ምን?»
ደገመለት፣ «ጦ»ዋን ጠበቅ አድርጎ፤
ምራቁ መስታወቱ ላይ ቀረ።
ቀይ መብራት ይዞኝ ነበር። ዞሬ አላየሁም።
አረንጓዴ ሲበራ ትንሽ ዘገየሁ፤ ከኋላ ጥሩምባ ነፉብኝ።