ክፍል አሥራ ሁለት

ስልኳ ተሰነጠቀ እንጂ ፊልሟ አልጠፋም፤
ክፍል አሥራ ሁለት ላይ ቆሟል፣ ወደፊት አልገፋም።
እኛም የተኛንበት ክፍል ቁጥሩ አሥራ ሁለት ነው፤
የሀያት አልጋ ከመስኮቱ ሥር፣ ዝናብ የሚመታው።

ቀኝ እጄ የላስቲክ ፊኛው ላይ ነው። እጨምቃለሁ፣ እለቃለሁ፤
ሲስተር ሎሚ "እየቆጠርሽ" ብላኛለች፤ እቆጥራለሁ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ጭምቅ።
የእህቴ ደረት ከፍ ይላል፣ ዝቅ።
ማሽኑማ ሌላ ሰው ተኝቶበታል፣ ከሊሙ የመጣ፤
ተራችን ሲደርስ ይሰጠናል፤ ወይ ሲድን፣ ወይ… ሲወጣ።

ስልኩን የያዘልን አባ ቢያ ነው፣ የጎን አልጋ አስታማሚ፣
ልጁን ይዞ ከሰቃ የመጣ፣ አንድ ወር ሙሉ ከራሚ።
የኮሪያ ፊልም ሲያይ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤
ቋንቋው ባይገባውም፣ ሆስፒታል ግን ሆስፒታል ነው።
እና ይጠይቃል።

"ይሄ ፀጉሩን ያበጠረው፣ እሱ ነው ሐኪሙ?"
እሱ ነው አባ።
"የሌሊት ተረኛ? ዓይኑ ሳይቀላ? የታለ ድካሙ?
የልጅቷስ ከንፈር በምን ቀላ? ራሷን ስታ አይደል?"
ራሷን ስታ ነው አባ።
"ሦስት ዓመት ተኝታ፣ ጎኗ እንኳ ሳይቆስል?
ካርድ መቼ አወጡ? ለደሙ ከዘመድ ማን ተሰለፈ?
ጓንት ግዙ፣ መርፌ ግዙ ሳይባል፣ እንዴት አለፈ?
ልጁስ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ከሚያለቅስ፣
ወረቀቱን ይዞ አይሮጥም ወይ፣ ፋርማሲ ፍለጋ አጂፕ ድረስ?"

ሳቅሁ። ፊኛውን ሳልለቅ ሳቅሁ። ሲስተር ሎሚም ሳቀች፣
ግሉኮስ ልትቀይር መጥታ እኛው ዘንድ ቀረች።
የባለ ፋብሪካው አባት ማሽን "ጢ—" አለ፤ መስመሩ ተጋደመ፤
ሐኪሙ ብረቱን አጋጭቶ አንዴ ሲያስነካው፣
ሽማግሌው ብድግ ብሎ፣ ስለ ውርሱ ካቆመበት ደገመ።
"የተጋደመ መስመር" አለች ሲስተር፣ "በኮረንቲ አይነሣም፤
በእጅህ ነው፣ ደረት ላይ ወርደህ፤ የጎድን አጥንት ቢሰበርም አትሳሳም፤
እሱንም ከመቶ ስንቱ…" ልትጨርሰው ስትል፣
እጄን አየች። ያዘች የጠብታውን ክር ማስተካከል።

ሀያት ይሄን ሁሉ ታውቅ ነበር። ሞኝ አልነበረችም።
"ውሸት ነው" ስላት "ታዲያስ!" ትለኛለች፤ ፊቷን አታዞርም።
"እውነቱንማ ቆጪ በራችን ላይ አየዋለሁ፣ ያለ ዋጋ፤
ብር የማወጣው ለውሸቱ ነው፤ ፍላሽ ይዤ፣ እሱን ፍለጋ።"

በፊልሙ አገር የሚገጭ መኪና ነጭ ነው፣ ትልቅ፤
ልጅቷም መሐል መንገድ ቆማ ታየዋለች፣ ደቂቃ ሙሉ፣ ሳትርቅ።
የኔዋን ግን ባጃጅ ነው። ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣
ሦስት ሰው፣ አንድ ኩንታል ከሰል፣ ጎማው በጭቃ ላይ ሄዶ።
ሙዚቃ አልነበረም። ዝግ ብሎም አልሆነም።
የግራ ጫማዋ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። አባ ቢያ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ አንቀላፋ፤
ፊልሙ እዚያው ይሮጣል፣ ብርሃኑ ጺሙ ላይ ሲጠብ፣ ሲሰፋ።
የሚመጣውን አውቃለሁ፤ በሁሉም አንድ ነው፤ ሀያት ነግራኛለች፤
ሁሉም ተስፋ ሲቆርጥ፣ ልጅቷ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች፤
ትንሿን ጣት። ካሜራው ይጠጋል። ከዚያ ዓይኗ ይከፈታል።
ስንቴ ስቄበታለሁ! "ጣት በቀጠሮ ይነቃል?"

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ጭምቅ።
የሳቅሁትን ሁሉ መለስሁ፤ ይቅር፣ ከእንግዲህ አልሳቅ።
ውሸት ከሆነም ይሁን፤ ውሸቱን አበድሩኝ፤
አንዲት ጣት ብቻ፤ ሙዚቃውን አልጠይቅም፣ የጅማ ዝናብ ይበቃኝ።

ግራ እጄን ሰደድሁ፤ ጣቶቿን ያዝሁ፣ አምስቱንም።
ተነቃነቀ።
          ምዬ መናገር አልችልም።
መዳፌ ሌሊቱን ሙሉ ሲመታ ነው ያደረ፤
ያ ትርታ ከሷ ይሁን ከኔ፣ አላውቅም ከማን እንደ ጀመረ።
ሲስተር ሎሚን ልጠራ ከንፈሬን ከፈት
አደረግሁና ተውሁት፤ ቁጥሩን እንዳልስት።
አራት፣
አምስት።