ደረሰኝ ቁጥር አንድ

ደንቡን የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ቆላ ድባ፣ በግብርና ቢሮ፣
መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ አንዱን ገጽ ሦስቴ አስጀምሮ።
«ማንኛውም ሰው» ይላል አንቀጽ ስድስት፣ «መጤ አረምን ሊይዝ፣
ሊያጓጉዝ፣ ሊተክል አይችልም።» ድምፁ እንደ ሹም ነው፣ የሚያዝ።
አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ፦ «ባለይዞታው በአሥራ አምስት ቀን
ነቅሎ፣ አድርቆ፣ አቃጥሎ ካላሳየ...» ከዚያ ቅጣቱን።
ነጠላ ሰረዝ አርሜ፣ «ይገባል» ያለውን «ግዴታ ነው» ብዬ፣
ጯሂት ወርጄ ከወፍጮ ቤት በር ቸነከርኩት፣ ሚስማር ከባለወፍጮው ተቀብዬ።

ዱቄት የለበሰ ሁሉ ከበበኝ። ማንበብ የሚችል ለማይችል አነበበ።
ሰጠኝ ጓንጉል ግን ጣቱን «ባለይዞታው» ላይ ተክሎ አሰበ፦
«ይቺ መሬት» አለ፣ «ባሕር ሸሽ ናት፤ ክረምት ጣና ይተኛባታል፣
ኅዳር ሲታጠን ውኃው ሲሸሽ የኔ ሽምብራ ይበቅልባታል።
እንቦጩ የመጣው በሐምሌ ነው፣ ማዕበል ጭኖት፣ ሳይጠራ፤
ያኔ ባለይዞታው ባሕሩ ነው፤ እስቲ ቅጣ እሱን በተራ!»
ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን ዋጥ አደረግኩት፣
አዲሱን የደረሰኝ ጥራዝ በብብቴ እንደያዝኩት።

እመት ጠጂቱ አልሳቀችም።
ቀሚሷን ወገቧ ላይ እንደሸጎጠች መዳፏን ዘረጋችልኝ፤
ቆዳው ተልጧል፣ ጥፍሯ ሥር ጭቃ ጠቁሯል።
«ነቀልኩ» አለች፣ «ከመስቀል ወዲህ፣ አልቅት እግሬን እየጠጣ፤
የነቀልኩትን ከምሬ ባድር፣ ሌሊት ሌላው በነፋስ መጣ።
አሥራ አምስት ቀን ይላል ወረቀቱ፤ ወረቀቱ ዋና ይችላል?
እንቦጭ እንደሁ በአሥራ አምስት ቀን በራሱ ላይ ራሱን ያክላል።»

በሳምንቱ ቢሮ ገባች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።
ዓይኗ እኔን አልፎ መስኮቱ ላይ ቀረ፦
አንገቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ፣
ውስጡ ሐምራዊ አበባ፣ ከላይኛዋ ቅጠል መሐል ቢጫ ነጥብ።
ልጄ ማንጠግቦሽ ከጎርጎራ ያመጣችልኝ፣
በሚኒባስ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ውኃው እንዳይፈስ ትንፋሿን ይዛ።
ስድስት ቀን ሆኖታል፣ ከማኅተሙ አጠገብ።
ደስ ይለኝ ነበር ሳየው። ለምን እዋሻለሁ?

«መያዝ» አለች ጠጂቱ፣ ፊደል ያልቆጠረችው፣
ወፍጮ ቤት አንዴ የሰማችውን ሳትስት።
«ማጓጓዝ» አለች፣ ሁለተኛ ጣቷን ነካች።
ሦስተኛው ጣት ላይ ስትደርስ ግን መልሳ አጠፈችው፦
«ልጅህ አልተከለችም። እሱን ተወው።»

ጥራዙን ከፈትኩ። ካርቦኑን በሁለቱ ቅጠል መሐል አስገባሁ፤
«ከፋይ» በሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ «ምክንያት» በሚለው ግራ ተጋባሁ።
«አበባ» ልበል? «ልጄ» ልበል? ደንቡ ለዚህ ቃል የለውም፤
«አንቀጽ ስድስት» ብዬ ፈረምኩ፤ ጠጂቱ ሳቋን አልቻለችውም።
«የኔስ ወረቀት?» አለችኝ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።
«ባሕሩ ሲሸሽ» አልኳት።
«እንግዲህ ይሽሻ» ብላ ወጣች።

አበባውን ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። በሦስተኛው ቀን
በዘበኛው ምድጃ ነደደ፣ በደንቡ መሠረት።
ጭሱ ትንሽ ነበር። ሽታም አልነበረው።

ማታ ማንጠግቦሽ «አበባዬስ?» አለች።
ሕጉን ላስረዳት ሞከርኩ፤ ሥሩን፣ ዘሩን፣ ዓሣው እንዴት እንደሚታፈን፣
ጀልባ እንዴት እንደሚያዝ።
ሰማችኝ። አሥር ዓመቷ ነው፣ ስትሰማ አንገቷን ታዘነብላለች።
«መጤ ማለት ምንድን ነው?»
«ከሌላ ቦታ የመጣ» አልኳት።
ጥቂት ዝም አለች።
«እኛ ከደባርቅ የመጣነውስ?»

መብራቱ ሄደ።
ሻማ ፍለጋ ተነሣሁ፣
ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ።