ጥርሴን የነቀልኩበት

«ምን ላይ ነው ጥርስህን የነቀልከው?» ሲሉኝ፣
ሙያዬን ነው እንጂ ድዴን አልጠየቁኝ።
እኔ ግን ቃል በቃል መልስ አለኝ፤ ቀን አለው፤
ከብቸና መልስ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነው። ከፊት አንዱ ላልቶ፣
ምላሴ ሲገፋው እንደ በር ተከፍቶ፣
ተመልሶ ሲዘጋ፣
እኔም ቀኑን ሙሉ ስከፍት፣ ስዘጋ።

አባቴ ደላላ ነው፤ እንየው ይሉታል፤
የከብት ዕድሜ ከአፉ እንደ ደብዳቤ ያነባል።
አፍንጫውን ይዞ፣ ከንፈሩን ገልብጦ፣
አውራ ጣቱን ከጎን፣ ጥርስ በሌለበት አስቀምጦ፣
«ላይኛውን ተወው፣ ፊቱ ጥርስ የለውም፤
ስምንቱ ከታች ነው፤ እሱ አይዋሽም፣»
ይለኝ ነበር። «ደቃቃው የወተት ነው፤
ሰፋፊው የሣር ነው።
ሁለት ከለወጠ ገና ነው፣ ወይፈን ነው፤
ስምንቱን ከሞላ ያን ጊዜ በሬ ነው።»
እሱ አይዋሽም አለኝ። ይቺን ያዝኩ።

ከሸበል የመጣ አንድ ገዢ ነበረ፤
አንድ በሬ ሞቶበት በነጠላ የቀረ።
ልየው ነው ስሙ። ሰኔ ደርሶበታል፤
የጋቢውን ጫፍ ቋጠሮ ደጋግሞ ይነካል።
«ይኸ ቡሬ» አለው አባቴ፣ ጀርባውን እየዳሰሰ፣
«አፉ የሞላ ነው፤ ሁለት ክረምት ያረሰ።»
አፉን ከፈተለት፤ ከፍቶም ዘጋው ቶሎ፣
ገዢው ሳይቆጥረው አንድ፣ ሁለት ብሎ።

የኔ ቁመት ግን ከበሬው አፍ ልክ ነው።
ከሥር ሆኜ አየሁ፦ ሁለት ሰፋፊዎች መሐል ላይ ቆመው፣
በግራ በቀኝ የወተት ደቃቆች፣
አንዷም ዘመም ብላ፣ ሥሯን ደም የነካት፣ ልትወልቅ የደረሰች።
«አባባ!» አልኩ ጮኼ፣ «ይኸም እንደኔ ነው!
ይቺ ትነቃነቃለች! የለወጠው እኮ ሁለት ብቻ ነው!»

ከብት ተራው ሳቀ።
ልየው ብቻ ነበር ያልሳቀ።
ጎንበስ አለና የኔን አፍ አየ፤
ቀጥሎ የወይፈኑን፤ ሁለቱን አስተያየ፤
ቋጠሮውን አጠበቀና፣
ሳይቆጣ፣ ሳያመሰግን፣ ሄደ በዚያው ጎዳና።

በመንገድ አባቴ አንድ ቃል አልወጣው።
ዱላውን ከትከሻው ወደ እጁ ሲያመጣው
ልቤ ቀጥ አለ። ወንዙን ተሻገርን።
ከማዶው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ሆነን፣
«ክፈት» አለኝ።
አፍንጫዬን ያዘ፤ ከንፈሬን ገለበጠኝ፤
የበሬ ላብ የሚሸት አውራ ጣቱን አስገብቶ፣
መዳፌ ላይ ጣለው፣ አንዴ ጠምዝዞ አውጥቶ።
ቅጣት ይሁን ምርቃት፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።
«ሃያ ብር አስወጣችኝ ይቺ ጥርስህ» አለ፤ ሌላ አልተናገረኝም።

ቤት ደርሰን ጥርሲቱን ጣሪያ ላይ ወረወርኩ፤
ቆርቆሮው መለሳት፤ እንደገና ሞከርኩ፤
በሦስተኛው ቀረች።
የውሻችን ቡችላ በዚያው ወር ለወጠች፤
ጥርሷን ከአጥንት ጋር ዋጠች፤
ጣሪያም አልፈለገች።

ዛሬ እህል ተራ ነኝ፤ ሚዛን ነው ሥራዬ፣
ኪሎውን የምጠራ እንደዚያው ጮክ ብዬ።
አባቴም አርጅቶ ዳቦውን በወተት አርሶ ይጎርሳል፤
ከሣሩ ዘመን ወደ ወተቱ ተመልሷል።

ትናንት ደጅ ፀሐይ ላይ ራሱ አፉን ከፈተ።
«ቁጠር» አለኝ። ጎንበስ አልኩ።
«አባባ፣ አንድ ነው የቀረው፤ እሱም ይነቃነቃል።»
በድዱ ሳቀብኝ፦
«ገዢ ሲመጣ ስምንት በል፤ ማን ይቆጥራል?»