የፀጉር ያህል

ባሕር አይቸኩልም።
በር አያንኳኳም፤ ባለቤት አይጠራም፤
የፀጉር ያህል ክፍተት ካገኘ ግን አይምርም።

ስለዚህ ነው እኔ፣ ጎሕ ሲቀድ ገብቼ፣
በኪዲ ቪዲ ወደብ የቆርቆሮ በር ከፍቼ፣
የጎማ ቀለበት በቅባት የማሸው፣
ዙሪያዋን በአጉሊ መነጽር የማየው።
ዋጋዋ ሁለት ዶላር ነው፤
የምትሸከመው ግን አራት ሺህ ሜትር ውኃ ነው።
ካሜራው ዓይኑን፣ ሞተሩ ልቡን
አደራ የሚሰጣት እሷን።

ማሽኑን ሸርጣን እንለዋለን፤ አፉ እንደ መጥረጊያ ሰፊ፣
በሰንሰለት እግር የሚሳብ፣ የባሕር ወለል ገፋፊ።
የሚለቅመው ድንጋይ ድንች ያክላል፣ ድንች ይመስላል፤
ኒኬልና ኮባልት፣ የነገ ባትሪ፣ በሆዱ ይዟል።
አለቃችን ማይራ ኖስወርዚ አንዱን በመጋዝ ሰንጥቃ
አሳየችን፤ መሐሉ ላይ የሻርክ ጥርስ ተደብቃ፣
በጥርሷ ዙሪያ ቀለበት፣ በቀለበት ላይ ቀለበት፤
የስንዴ ቅንጣት ለመወፈር ሚሊዮን ዓመት የፈጀበት።
"ሸርጣኑስ በሰዓት ስንት ይለቅማል?" አለ አንዱ ከኋላ።
"ሁለት መቶ ቶን።"
ሣቅን። እኔም ሣቅሁ፣ ምሳዬን እየበላሁ።

ሊያንደር ፒንሰንት ክሬን ነጂ ነው፤ ስድሳ አምስት አልፎታል፤
የኮድ ዓሣ ማስገር በሕግ የተዘጋበትን ቀን ያስታውሳል።
አባቱ ጀልባዋን ገልብጦ፣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥቶ፣
በየዓመቱ ቀለም ቀባት፣ ይከፈታል ብሎ፣ ተስፋ በልቶ።
"አያልቅም ያሉን ነበሩ፤ አያልቅም ያልንም እኛ ነን" ይላል፤
ሌላ አይጨምርም። ሻዩን ይጠጣል።

መርከቡ ሊነሣ ሲል ከኪሱ አወጣ
ነጭ የፎም ኩባያ፣ ከሱቅ የተገዛ፤
የአባቱን ጀልባ ስም ጻፈበት፦ "ትዕግሥት"፤
ከሸርጣኑ ጎን በመረብ አሰራት።

እኛ በቆርቆሮው ቤት፣ ስክሪን ፊት፣ ተደርድረን
ከባንኩ ማዶ፣ መሬት ከምትሰበርበት፣ ሲወርድ አየን፤
መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ጥቁር፣
ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከጥቁርም የባሰ ጥቁር።
መብራቱ ሲበራ፣ ድንጋዩ እንደ አዝመራ ተዘርቶ፣
ዘሪው የት እንደሄደ ሳይታወቅ ማሳው ተንጣሎ።
አንዷ ድንጋይ ላይ ነጭ ኦክቶፐስ፣ ስምንት እጇን ጠቅልላ፣
እንቁላሏን አቅፋ፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ።
ብርሃኑን አየች።
አልሸሸችም። የት ትሽሽ?

ሸርጣኑ ቀረበ። ጭቃው እንደ ጭስ ተነሣ፤
ስክሪኑ ነጣ፤ ነጥቶም ቀረ፤ ማንም ትንፋሽ አላሰማ።
"ሠራ!" አለች ማይራ። ተቃቀፍን፤ አጨበጨብን።
ቀለበቴ አንድ ጠብታ አላስገባችም።
ኮራሁ። ይህን አልክድም።

ከሳምንት በኋላ መርከቡ ሲመለስ
ኩባያዋ የጣቴ ጫፍ ላይ ቆብ ሆና ተቀመጠች፤
ጥልቁ ጨምቋት፣ ጠጥሯት፣ ድንጋይ አክላለች።
ስሙ ግን አልጠፋም፤ ጉንዳን ያህል ሆኖ፣
ፊደሉ ሳይጎድል፣ ቀለሙ ተከድኖ።
ሊያንደር ብዙ አያት።
"አሁን ለኪስ ልክ ሆነች" አለና ወሰዳት።

ዛሬ ሁለተኛው መውረጃ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ላይ የሚመጣበት፤
ገዢዎቹ ከቶሮንቶ መጥተው ቆመው የሚያዩበት።
ቀለበቷን ሳገላብጥ፣ ከአጉሊው ሥር፣
አንዲት ሽበት አየሁ፤ የቀጠነች የብር ክር።
የሊያንደር ትሁን የእኔ እንጃ፤
ዐርፋ ተኝታለች፣ በቅባቱ ላይ፣ እንደ እንግዳ።
እሷን የሚያነሣው ጨርቅ ከክንዴ አይርቅም።
እጄን ዘረጋሁ። እጄ ግን አልደረሰም።

"ዝግጁ ነው?" አለች ማይራ፣ በሩን ገፋ አድርጋ።
ውጭ ነፋስ አለ፤ ገመድ ብረት ይመታል።
"ትንሽ" አልኳት፣
"ትንሽ ታገሺኝ።"