ለወላጅ በነፃ

ከሄርማታ በታች፣ ከባጃጁ ተራ፣
ስድስት የእጅ ጌም ይዤ ጀመርኩ ሥራ።
አንዱ ድምፁ ጠፍቷል፣ አንዱ ክዳን የለው፣
ባትሪውን ጠፍሮ ላስቲክ ነው የያዘው።
አምስት ብር ነው ዋጋው ለአሥር ደቂቃ፣
ልጅ ይሰለፋል ገና ከእንቅልፉ ሲነቃ።

ወላጅ ግን ጠላቴ።
በጃንጥላዋ ጫፍ ወግታኝ ጎረቤቴ፣
«የልጄን ዓይን መልስ!» ብላለች ከፊቴ።
ለዳቦ ጋጋሪው «የአእምሮ ስፖርት ነው» ብዬ ሰበክኩ፤
«ስፖርት ከሆነማ ለምን አያልብህም?» ሲለኝ እኔው ሣቅኩ።

ምን ይሻላል ብዬ፣ ከካርቶን ቀድጄ፣
በሰማያዊ ቀለም ጻፍኩ በገዛ እጄ፦
«ለወላጅ በነፃ።»
ሳምንት ሙሉ ሰቀልኩ፤
ከዝናቡ በቀር ማንም ሰው አልመጣ።
«በነፃ» ታጥቦ ሄደ፣
«ለወላጅ» ብቻውን ቀረ እንደተቀጣ።

በአሥረኛው ቀን ማታ ብርሃኔን ከልሎ፣
ነዚፍ፣ ጫኝ አውራጁ፣ ገባ ጎንበስ ብሎ።
ትከሻው ላይ ገና የበቆሎ ብናኝ፣
በግራ እጁ ልጁን፣ በቀኙ እኔን ያዘኝ።
«ፈትያ ስንት አለባት?»
«ሠላሳ አምስት ብር።»
«ምን በልታ? ምን ጠጥታ? እስቲ ንገረኝ ዝርዝር።»

ልመልስ አፌን ስከፍት ዝናቡ ጣራዬን መታ፤
የጅማ ዝናብ ነው፣
ጨዋታም ጠብም አንድ ላይ ያስቆማል፣ እስኪያባራ ማታ።

በርጩማ ሰጠሁት። መዳፉን በሱሪው ጠረገ፣
ሊሰብረው ነው ብዬ ልቤ ሲንጠለጠል፣
ተቀብሎኝ ወደ አምፖሉ ጠጋ አደረገ።
«ይሄ ምንድን ነው የሚወርደው?»
«ጡብ ነው፣ ጋሼ። ደርድረው።»
«ክፍተት ሳልተው?»
«ክፍተት ሳትተው።»

ሃያ ሁለት ዓመት አይሱዙ የጫነ፣
ጆንያ በጆንያ ላይ ሲያደላድል ኖሮ የክፍተት ጠላት የሆነ፣
የሚስማር ራስ በሚያክል ቁልፍ ላይ አውራ ጣቱ ባከነ።
አንዴ ተሸነፈ። ሁለቴ። ዘጠኝ ጊዜ ይሁን አሥር፤
ፈትያ ከኋላው፦ «አዙረው አባ! አዙረው! ኧረ በሥር!»

ከዚያ አንድ ረድፍ ሞላ።
ሞልቶም ብልጭ አለና ጠፋ፣ እንደ ተበላ።
ነዚፍ ቀና አለ።
«የሞላውን ማን ወሰደው?» አለ።
«ሲሞላ ይጠፋል ጋሼ፣ ሕጉ ነው።
ጎዶሎው ነው የሚቆይ፣ እሱ ነው የሚከመር።»
ዝም አለ።
ዝናቡ ብቻ ነበር የሚናገር።

«እንደ እኛ ቤት» አለ ቆይቶ፤
«የከፈልኩት ኪራይ፣ የጫንኩት መኪና፣ ያስተማርኩት ልጅ፣
የሞላው አይታይም፤
ሲቲና የምትቆጥርልኝ ያጎደልኩትን ነው እንጅ።»
ከዚያም «ድገምልኝ» አለ። ደገምኩ።
ዝናቡ ካባራም በኋላ ደገምኩ።

የልጁን ዕዳ ከፈለ፤ የራሱን ግን ከለከልኩት፤
ካርቶኑ ላይ ባይነበብም ቃሌ ቃል ነው አልኩት።

በነጋታው መጣ፤ ብቻውን አይደለም፣
ነስሮን ይዞ፣ ኤርጫፎን ይዞ፣ የመጋዘኑን ዘበኛ፣
በሕይወቱ ተጫውቶ የማያውቅ ጭራሽ ምንም።
ሽማግሌ ሲሻማ ልጅ ደጅ ቆሞ ቀረ፤
«ሂዱና አጥኑ!» የሚል ምክር፣
ዓይን ከጡቡ ሳይነሣ፣ ከየአፉ በረረ።

ትናንት ማታ ደግሞ ሲቲና መጣች፣ ሻሿን አጥብቃ።
«ባሌን!» አለች።
ጃንጥላዋን አየሁና አናቴን በእጄ ሸፈንኩ።
ነዚፍ አልሰማትም። አንገቱ እንደተደፋ ነው።
ከትከሻው በላይ ቆመች።
አንድ ደቂቃ። ሁለት።
ጃንጥላዋ እግሯ ሥር ውኃ ያንጠባጥባል።
ከዚያም የቤቱን ሁሉ ጉድለት በምትቆጥርበት ድምፅ፦
«በግራ በኩል! አላየኸውም እንዴ ጎዶሎው?
ጠጋ በል፤
አምጣው፣ እኔ ልሙላው።»