የአንጀት ዕዳ

ቦሎኛ ውስጥ፣ ከቦዩ ዳር፣ የበግ አንጀት አጣቢ ነኝ፤
ጠረኔን ፈርቶ በገበያ ማንም ሰው አይጠጋኝ።
እፍቃለሁ፣ በአመድ ውሃ እነክራለሁ፣
ስምንቱን ባንድ ገምጄ በምሰሶ እወጥራለሁ፤
ሲደርቅ ክር ነው። ክር ይሸጣል።
ገንዘቡ ግን ከማን ኪስ ይወጣል?

ባልዳሳሬ ሦስት ክር ወሰደ፤
«ለፋሲካ» አለኝ፤ ፋሲካ ሄደ።
«ለወይን ለቀማ» አለኝ፤ ወይኑም ተረግጦ በርሜል ወረደ።
እናም አንድ ማክሰኞ፣ በኅዳር፣ ሽርጤን እንደታጠቅሁ
ገንዘቤን ልቀበል ከደብሩ ዘለቅሁ።

ካህን የለም። ኦርጋኑ ተዘግቷል።
አጃቢ የሌለው ሰው ቼሎውን በጉልበቱ አቅፎ ተቀምጧል፤
ደጋኑን ይስባል፤ ዓይኑ ተጨፍኗል።

«አንተ ሰውዬ!» ልል ስል፣ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ፤
ከታች ወንድ ያጉረመርማል፣ ከላይ ሴት ትመልሳለች። ዞሬ አየሁ፣
ከዓምዱ ጀርባም አየሁ፤ ማንም።
አንዱን ክር ሲነካ ሌላውን አይነካም፤
ያልመታውን ድምፅ የሚሞላው የኔው ጆሮ ነው፣
ባሌ ከሞተ ወዲህም ሳሉን ማታ ማታ እንደምሰማው።

«አንጀት ይበላል» ሲሉ ሰዎች፣ እኔ እስቅ ነበር፤
የስንት መንጋ አንጀት ላጠበች ሴት ይህ ምን ቁም ነገር?
ያን ቀን ግን ወፍራሙ ክር፣ አምና ነሐሴ የገመድኩት፣
ዝንቡን በክንዴ እየመታሁ በግ ሻጩን የረገምኩበት፣
ወርዶ፣ ወርዶ፣ ከእግሬ ሥር ድንጋዩ እስኪያቃስት
በላኝ።

ለካ በጉ ሣር ሲያመነዥክ ሆዱ ውስጥ ይህን ይዞ ኖሯል፤
እኔ እጄን ከትቼ ያላገኘሁትን ደጋኑ አግኝቶታል።

«ጭፈራ ነው» አለኝ ኋላ፤ ሳራባንድ። ማን ይጨፍርበታል?
ሁለት ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ እግሩ መንገድ የረሳ ይመስላል።

ጧ! ቀጭኗ ክር ተበጠሰች፤ ጉንጩን ገረፈች፤
ሴትዮዋም ከነመልሷ ጠፋች።
አየኝ፣ ደነገጠ። «ኦርሶላ፣ ለገና፣ በእናቴ...»
«ዝም በል!» ጥቅል ክር መዘዝኩ ከሽርጤ።
«ሦስት ነበር ያለብህ፤ አሁን አራት ሆነ።
ቀጥል፤ ነገሯን ያልጨረሰች ሴት አለች።» እሱም ሳቁን አፈነ።

አዲስ አንጀት ግን ቶሎ አያምንም፤
ያጠብቃል፣ ይላላል፤ ያጠብቃል፣ ይላላል፤ አይጸናም።
ጆሮውን አስጠግቶ ያባብለው ጀመር።
እኔም ደረቅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እየመሸ ነበር።