ዘጠኝና ነጥብ

ፈርዋኒያ፣ ከሆስፒታሉ ሥር፣ ፀሐይ በማትደርስበት፣
ደም የነካው አንሶላ ሁሉ ነጥቶ በሚወጣበት፣
ወር በገባ በሦስተኛው ቀን
ሰልፍ ያዝን።

ሙሐሲቡ ተቀምጧል፤ ፖስታው በግራ፣ ወረቀቱ በቀኝ፤
«ፈርሚ፣ ያላ» ይላል፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ፊደሉን አላውቀውም፤ እንደ ጉንዳን ይተማል ወደ ግራ።
ቁጥሩን ግን ከአውቶቡስ ግንባር፣ ከመኪና ታርጋ
ለቅሜዋለሁ ተራ በተራ።
እዚህ አገር ዜሮ ነጥብ ናት፣ የዝንብ ኩስ የምታክል፤
እኛ ዜሮ የምንላት ክብ ደግሞ
አምስት ሆና ትቆማለች ከሌላው አኃዝ እኩል።

ወረቀቱ ዘጠኝና ነጥብ ይላል። ዘጠና ዲናር።
ፖስታው ውስጥ ያለውን ቆጠርኩት፤
ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ደግሜ ቆጠርኩት።
ስልሳ አምስት ነው።

ኩሱማ አምና ጠይቃ ነበር።
«ቀሪውስ?» ነው ያለችው፣ ያውም በለሆሳስ፣ አንገቷን ደፍታ።
በማግሥቱ ሻንጣዋን ሊፍቱ አጠገብ ቆሞ አየነው፤
ካውያዋ ገና ትኩስ ነበር። ማንም አልነካው።

ፓስፖርቴ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። የደላላው ዕዳ ገና በግማሽ።
እናቴ ከባቲ፣ ስልኩ እየተቆራረጠባት፣
«ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች።
አይነቅዝም?
እማ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎታ ከትቼው ነበር እንደ ማሽላ፤
ዛሬ ከፍቼ ባየው ቅርፊት ብቻ ነው፣
ውስጡን ነቀዝ በላ።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይል ነበር አጎቴ።
ደጃዝማችነቱስ ይቅር፤
ሃያ አምስት ዲናሬን ነው፣ ከነላቤ፣ ከነሌሊቴ።

ማድረቂያው ያጓራል። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል።
እስክሪብቶው እጄ ላይ ላብ ጠጥቶ ያዳልጣል።
ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ
ሰፊው ዩኒፎርም ደበቀልኝ፤ ለዚህስ ይመስገን።

ዘጠኝን አልሰረዝኩም። ነጥቧንም አልነካሁ።
ከሥሯ፣ በነሱው አጻጻፍ፣ ታርጋ ላይ እንዳየሁት፣
ስድስትን ጻፍኩ፤
ቀጥዬም ያቺን ክብ፣
አገሬ ባዶ የምትባለውን፣ እዚህ ግን የምትቆጠረውን፣
ቀስ ብዬ አዞርኳት፣ ጫፍና ጫፏ እስኪገጥም።
ከዚያ ፈረምኩ፣ በራሴ ፊደል፦
ይርገዱ ይማም አሊ።

ሙሐሲቡ መነጽሩን አወለቀ። ገና ዛሬ አየኝ።
«ሹ ሃዳ?»
የለቀምኩት አረብኛ ሁሉ ከአፌ በኖ ጠፋ፤
ጣቴን ብቻ ቁጥሩ ላይ አኖርኩ፣ አላነሳሁትም።

ከድጃ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ
«ምንድን ነው የጻፍሽው?» አለች በሹክሹክታ።

ፈቀቅ አልኩላት፣ እንድታይ።